ባለ 5 ዋቱ ቻምፕ በ220 ቮልት፦ የስድስት ካፓሲተሮች ምርጫ

ጉዳዩ አንድ አምፕ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ነው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው ቻምፕ፣ የሰርኪት ቁጥሩ 5ኤፍ1። ያለው ሦስት ቲዩብ (የመስታወት ቫኩም ቱቦ) ብቻ ነው፦ ለፕሪአምፕ (ለመጀመሪያው ማጉያ ደረጃ) አንድ 12ኤኤክስ7፣ ለኃይል አንድ 6ቪ6ጂቲ፣ ለሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ ለመቀየር) አንድ 5ዋይ3ጂቲ። ጉልበቱ 5 ዋት አካባቢ ነው፤ የባስና የትሬብል መቆጣጠሪያ የለውም፣ አንድ የቮሉም ፖት ብቻ። ቲዩብ አምፕ በእጁ ለመሥራት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ስኬማቲኩ (የሰርኪቱ ሥዕል) በአንድ ገጽ ያልቃል፣ ካፓሲተሮቹም (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚይዙት ዕቃዎች) ተቆጥረው ስድስት ናቸው፦ ለማጣሪያ (ከሬክቲፋየሩ የሚወጣውን ለማለስለስ) አንድ 16 እና ሁለት 8 ማይክሮፋራድ፣ ለኩፕሊንግ (ምልክቱን ከደረጃ ወደ ደረጃ ለማሳለፍ) ሁለት 0.02 ማይክሮፋራድ፣ ለ6ቪ6 ካቶድ (ኤሌክትሮን ለሚለቀው ክፍል) አንድ 25 ማይክሮፋራድ።

ስድስት ዕቃ መግዛት ምን ችግር አለው ያሰኛል። ስኬማቲኩ ግን የተሣለው ለአሜሪካ መብራት ነው፤ ወደ 117 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። እዚህ የተያዘው አምፕ የሚሰካው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ባለው መስመር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሠሪ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት ካፓሲተሮች ያኔ የነበሩት አይደሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ካፓሲተር በሦስት ጥያቄ ተጣርቷል፦ በጣም በከፋ ሰዓት ስንት ቮልት ያርፍበታል? እዚያ ቦታ ላይ ሥራው ምንድን ነው? ቢበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል? የማን ብራንድ ነው የሚለው ጥያቄ አራተኛ ነው፤ ከሦስቱም በጣም ርቆ አራተኛ።

ትራንስፎርመሩ ለ50 ኸርዝ የተጠቀለለ መሆን እንዳለበት በዚሁ ይያዝ። ለ60 ብቻ የተሠራ ኮር በ50 ላይ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፤ ያንን የትኛውም ካፓሲተር አያስተካክለውም።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ሰከንዶች

ስኬማቲኩ ላይ የተጻፉት ቮልቴጆች አምፑ ሞቆ ሥራ ላይ ሳለ ያሉት ናቸው። በመጀመሪያው ማጣሪያ 340 አካባቢ፣ በሁለተኛው 300 አካባቢ፣ በሦስተኛው 250 አካባቢ። ይህን ያየ ሰው ለመጀመሪያው 450፣ ለሦስተኛው ደግሞ 350 ቮልት የሚል ካፓሲተር ቢገዛ አይፈረድበትም። ሆኖም ካፓሲተር የሚገደለው አምፑ ሞቆ ሲሠራ ሳይሆን ገና ሲበራ ነው።

5ዋይ3 ፊላመንቱ ራሱ ካቶድ ስለሆነ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማስተላለፍ ይጀምራል። የ6ቪ6 እና የ12ኤኤክስ7 ካቶድ ግን በሂተር (በማሞቂያ ሽቦ) በተዘዋዋሪ የሚሞቅ ነው፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ከማጣሪያዎቹ ኩረንት የሚስብ አካል የለም። ኩረንት ከሌለ ደግሞ በማጣሪያዎቹ መካከል ባሉት በ10 ኪሎ ኦሙና በ22 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ላይ የሚወርድ ቮልቴጅ የለም። ውጤቱ፦ ሦስቱም ማጣሪያዎች እኩል፣ ሙሉውን የጫፍ ቮልቴጅ ይሸከማሉ። ሦስተኛው 250 ቮልት ላይ እንደሚያርፍ ታስቦ 350 የተገጠመለት አምፕ በየማብሪያው ካፓሲተሩን እየገደለ ነው የሚኖረው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ትራንስፎርመሩ 325-0-325 ነው፤ ከመሃል ሽቦው ወደ እያንዳንዱ ዳር 325 ቮልት ማለት ነው። 325 በ1.414 ሲባዛ ጫፉ 460 ቮልት ይሆናል። 325 የተባለው ግን ጭነት ላይ ሆኖ ነው፤ ባዶውን ሲሆን ከዚያ ስድስት በመቶ ያህል ከፍ ቢል 487 ደረሰ። መስመሩ በዚያ ሰዓት 220 መሆኑ ቀርቶ 235 ቢሆን 520። አንድ 450 ቮልት የተባለ ኤሌክትሮሊቲክ (ውስጡ ፈሳሽ ያለው የማጣሪያ ካፓሲተር) ለአጭር ጊዜ የሚፈቀድለት ጣሪያ በተለመደው መስፈርት የተጻፈበት 1.1 እጥፍ ነው፤ 495 ማለት ነው። 500 ቮልት የተባለው 550 ድረስ ይፈቀድለታል። ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ፦ ሦስቱም 500 ቮልት፣ 105 ዲግሪ። 85 ዲግሪ የተጻፈበትም ይሠራል፤ ግን የውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኤሌክትሮሊቲክ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ቻምፕ ደግሞ ጠባብ ሻሲው (የብረት ሣጥኑ) ውስጥ ሦስት ትኩስ ቲዩብ ያቀፈ ነው።

ትራንስፎርመሩ የ220 እና የ240 መግቢያ ካለውና ሰፈሩ መስመሩ ከፍ የሚልበት ከሆነ 240ው ላይ ማሰር ያለ ወጪ የሚገኝ ጥበቃ ነው። መስመሩ ልክ 220 ሲሆን ሂተሩ ከ6.3 ወደ 5.8 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ ለሂተር ከተለመደው የአሥር በመቶ ልዩነት አይወጣም።

5ዋይ3ን አውጥቶ በዳዮድ መተካት፣ ወይም ጂዜድ34 (ሌላ የሬክቲፋየር ቲዩብ) መሰካት ለሚያምራቸው፦ ሁለቱም ከ5ዋይ3 ያነሰ ቮልቴጅ ስለሚጥሉ የሥራ ቮልቴጁን በአሥሮች ከፍ ያደርጉታል። አዲስ ከሚመረቱት 5ዋይ3ዎች መካከልም ከድሮዎቹ ያነሰ የሚጥሉ አሉ። 340 የተባለው 370 ሆኖ ቢገኝ መደነቅ አያስፈልግም፤ መለካት ግን ያስፈልጋል።

ስንት ማይክሮፋራድ?

16-8-8 በ60 ኸርዝ የታሰበ ነው። ሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር ስለሆነ ማጣሪያው እዚያ 120 ጊዜ በሰከንድ ይሞላል፤ እዚህ 100 ጊዜ። በሁለት ሙሊት መካከል ያለው ጊዜ ስለረዘመ የሪፕሉ (በማጣሪያው ላይ የሚቀረው የቮልቴጅ መዋዠቅ) ስፋት ይጨምራል። አምፑ የሚስበው ወደ 42 ሚሊአምፒር ነው፦ 40ው የ6ቪ6፣ ቀሪው የፕሪአምፑ። በ16 ማይክሮፋራድ ላይ ሻካራው ግምት ለ60 ኸርዝ 22 ቮልት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ለ50 ኸርዝ 26 ቮልት ይሰጣል። ሁለተኛው ማጣሪያ፣ 10 ኪሎ ኦም ከ8 ማይክሮፋራድ ጋር፣ በ120 ኸርዝ ሪፕሉን 60 ጊዜ ሲያሳንስ በ100 ኸርዝ 50 ጊዜ ብቻ። ጉድለቱ በየደረጃው እየተባዛ ነው የሚሄደው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያስበው የመጀመሪያውን ካፓሲተር ማሳደግ ነው፤ 47፣ ወይም ከተበላሸ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ 100 ማይክሮፋራድ። ሁለት ምክንያት ይከለክላል። አንደኛ፣ የ5ዋይ3 የአምራች ሠንጠረዥ ለመጀመሪያው ማጣሪያ የሚያስቀምጠው 20 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቲዩቡ በየሙሊቱ የሚያሳልፈው አጭር የኩረንት ምት ከጣሪያው ያልፋል፤ ፊላመንቱ ይላጣል፣ አንዳንዴም በማብሪያው ላይ ውስጡ ብልጭ ይላል። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው።

ቲዩቡ ውስጥ ምልክቱ በግሪዱ ይገባል፣ በፕሌቱ ይወጣል፤ ስክሪኑ በመካከላቸው ያለ ሌላ ግሪድ ነው። የ6ቪ6 ስክሪን የሚመገበው ከሁለተኛው ማጣሪያ ነው። ቲዩቡ ለስክሪኑ ከፕሌቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ስስ ነው። የቁጥር ምሳሌ፦ በ50 ኸርዝ 8 ማይክሮፋራድ ላይ የሚቀረው ሪፕል ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ስክሪን ላይ ያረፈ ግማሽ ቮልት ግሪድ ላይ 0.05 ቮልት እንዳረፈ ይቆጠራል፤ 6ቪ6 ያንን 25 ጊዜ ገደማ አጉልቶ 1.3 ቮልት ያደርገዋል። ይህ ከመጀመሪያው ማጣሪያ በቀጥታ በፕሌቱ በኩል ከሚመጣው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁለት የኃይል ቲዩብ ተቃራኒ ሆነው በሚሠሩበት አምፕ የፕሌቱ ሪፕል እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ቻምፕ ግን አንድ ብቻውን ስለሆነ የሚያጠፋለት የለም። ሁለተኛውን ከ8 ወደ 22 ማሳደግ 1.3 የነበረውን፣ የመጀመሪያውም 22 ሲሆን፣ ወደ 0.35 ቮልት ያወርደዋል፤ 5ዋይ3ም ምንም አይሰማውም፣ ምክንያቱም በመካከል 10 ኪሎ ኦም አለ።

የተመረጠው ስለዚህ 22-22-22 ነው። ሦስት አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛትም ይቀላል፤ 22 ማይክሮፋራድ 500 ቮልት፣ እግሩ በሁለቱም ጫፍ የሚወጣው፣ ኤፍ ኤንድ ቲ የሚያመርተው ዓይነት የቻምፑ ቦርድ ላይ ይቀመጣል። ለፕሪአምፑ የሚደርሰው ሪፕል ከ16-8-8ው አንድ አሥረኛ ይሆናል።

«ማጣሪያው ሲያድግ የድሮው መለስለስ ይጠፋል» የሚለው ስጋት ለቻምፕ ብዙም አይሠራም። አምፑ ክላስ ኤ ስለሆነ ጸጥ ሲልም ሲመታም የሚስበው ኩረንት ተቀራራቢ ነው፤ ቮልቴጁ ጎበጥ የሚለው ቮሉሙ ጥግ ደርሶ ሲደፈጠጥ ነው፣ ያኔም አብዛኛው መጉበጥ የሚመጣው ከ5ዋይ3 ውስጣዊ መቋቋም ነው። እሱ ደግሞ ቦታው ላይ አለ።

500 ቮልት ሲጠፋ

500 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። 47 ማይክሮፋራድ 400 ቮልት ግን ከፓወር ሰፕላይና ከኤልኢዲ አምፖል ሾፌር ጀምሮ ሞልቷል። ሁለቱን በተከታታይ ማሰር 23.5 ማይክሮፋራድ 800 ቮልት ይሰጣል። መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ አንዱ ከቀረ ጥንዱ ከነጠላው የባሰ ነው።

በእያንዳንዱ ካፓሲተር ጎን 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ይገባል። የሁለቱ ሊክ (ሾልኮ የሚያልፈው ኩረንት) እኩል ስለማይሆን ያለ ሬዚስተር አንዱ 300 ሌላው 200 ሊይዝ ይችላል፤ ሬዚስተሩ በግማሽ ያስማማቸዋል። ሁለቱም ካፓሲተር ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት ይሁኑ፣ አንዱ አዲስ አንዱ የተነቀለ አይሁን። ከዚያ ደግሞ በቀላሉ የሚረሳው፦ የላይኛው ካፓሲተር ቆርቆሮ በውስጡ ባለው ፈሳሽ በኩል ከነጌቲቭ እግሩ ጋር የተገናኘ ነው፤ ማለትም ቆርቆሮው 230 ቮልት አካባቢ ላይ ተቀምጧል። የፕላስቲክ ልባሱ በሻሲው ጠርዝ ቢቀደድ ወይም በመያዣ ቀለበት ቢጨፈለቅ አጭር ዙር ነው። ተጨማሪ የሙቀት ቱቦ ይልበስ።

ከጥንዶቹ ይልቅ ነጠላ 500 ቮልቱን የተጠቀመ ሰው ደግሞ ባዶ ማድረጊያ ሬዚስተር ለብቻው ያስፈልገዋል፦ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ወደ ግራውንድ 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት። ሦስቱ 22ዎች በ460 ቮልት ሲሞሉ 7 ጁል ይይዛሉ፤ ልብ ላይ ቀልድ አይደለም። ሬዚስተሩ ከ460 ወደ 50 ቮልት ለማውረድ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ቢሆንም እጅ ከመግባቱ በፊት በቴስተር ይታይ። ማፍሰስ ካስፈለገም በ1 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር እንጂ በካቻቪቴ አይደለም። ካቻቪቴው የካፓሲተሩን ውስጥ ግንኙነት ይጎዳል፣ የቀለጠ ብረትም ዓይን ላይ ይረጫል።

የተገዛው ዕቃ የተጻፈበትን መሆኑን ማጣራት ተገቢ ነው፤ ልባሱ ተገፎ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የተጻፈበት ሌላ የለበሰ ካፓሲተር አዲስ ነገር አይደለም። ማይክሮፋራዱን መለካት አይበቃም፤ ያ ቁጥር ውሸታም ካፓሲተር ላይም ትክክል ሊሆን ይችላል። ሊኩን ነው ማየት። ትራንስፎርመሩና 5ዋይ3ው ብቻ ተሰክተው፣ ከሬክቲፋየሩ ወደ ካፓሲተሩ በ100 ኪሎ ኦም 3 ዋት ሬዚስተር በኩል ይመገባል፤ ቴስተሩ ሬዚስተሩ ላይ አስቀድሞ በመቆንጠጫ ይታሰራል፣ ሲበራ እጅ አይቀርብም። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ይታይና ይወርዳል። ለ22 ማይክሮፋራድ 500 ቮልት የሚጠበቀው ጣሪያ 110 ማይክሮአምፒር ገደማ፣ ማለትም በሬዚስተሩ ላይ 11 ቮልት ነው። ደህና ካፓሲተር ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከዚህ በታች ይገኛል። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ከሆነ ጊዜ ይፈልጋል፣ ውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን እየታደሰ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። መውረዱን ያቆመና 30 ቮልት ላይ የተቸከለ ግን ይጣል።

ካፓሲተር የማይፈታው ሃም

አምፑ እምምም ቢል፣ ሃም የሚባለው ይኸው ነው፣ ወዲያው ማይክሮፋራድ መጨመር የተለመደ ነው። መጀመሪያ የትኛው ሃም እንደሆነ ይለይ። ከማጣሪያ ጉድለት የሚመጣው 100 ኸርዝ ነው፤ በጊታር ስድስተኛ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ስለሆነ ያንን ኖታ እየመቱ ማወዳደር ይቻላል። ሃሙ ከእሱ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ 50 ኸርዝ ነው፤ ከሂተር ሽቦ፣ ከትራንስፎርመር አቀማመጥ ወይም ከግራውንድ ዙር የመጣ። ለእሱ 1000 ማይክሮፋራድ ቢጨመርም ጠብ የሚል ነገር የለም። የሂተሩ ሽቦዎች ተጠምዝዘው ከሻሲው ጥግ ይሂዱ፤ የሂተሩ አንድ ጫፍ በሻሲ ከመመለስ ይልቅ በሁለት 100 ኦም ሬዚስተር መካከሉ ግራውንድ ይደረግ።

100 ኸርዝ ሆኖ 12ኤኤክስ7ው ሲነቀል ካልጠፋ ከኃይል ደረጃው ነው፤ ከጠፋ ከፕሪአምፑ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የመጀመሪያው ማጣሪያ ነጌቲቭ የታሰረበት ቦታ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ሽቦ ውስጥ በሰከንድ 100 ጊዜ ትልቅ የኩረንት ምት ያልፋል። ስለዚህ ነጌቲቩ በቀጥታ ወደ ትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ ይሂድ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ሻሲው። የሦስተኛው ማጣሪያ ነጌቲቭ ደግሞ ከ12ኤኤክስ7 ካቶድ ሬዚስተሮችና ከመግቢያው ጃክ ግራውንድ ጋር ይሁን። ሁለቱን በአንድ ሽቦ ያገናኘ ሰው ሪፕሉን ራሱ በእጁ ወደ መግቢያው አስገባው ማለት ነው።

ካቶድ

6ቪ6 ካቶዱ ላይ 470 ኦም ሬዚስተርና ከጎኑ 25 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር አለ። የሥራ ቮልቴጁ 19 ነው። 25 ለ19 ይበቃል የሚለው የድሮ ቁጠባ ነው፤ አዲስ 5ዋይ3 ቮልቴጁን ገፋ ሲያደርገው ካቶዱ 22፣ 23 ይገባል። እዚህ ያለው ካፓሲተር አጭር ዙር ቢገባ 6ቪ6 ባያሱን (ኩረንቱን የሚገድበውን የግሪድ ቮልቴጅ) ያጣል፣ ፕሌቱ ይቀላል፣ ከቆየ የውጤት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ከአምፑ ውድ ዕቃዎች አንዱን በጥቂት ሳንቲም ዕቃ ማስያዝ ነው። የተመረጠው 22 ማይክሮፋራድ 63 ቮልት፣ 105 ዲግሪ። ከ25 ወደ 22 መውረዱ አይሰማም፦ ባሱ መቀነስ የሚጀምረው ከ40 ኸርዝ ገደማ ወደ 45 ገደማ ነው የሚሸሸው፣ የጊታር ዝቅተኛው ኢ ደግሞ 82 ኸርዝ ነው።

አቀማመጡ ከቁጥሩ ይበልጣል። 470 ኦሙ ያለማቋረጥ ሦስት አራተኛ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፣ በድሮው አሠራር ደግሞ ካፓሲተሩ ጎኑን ለጎኑ ተጣብቆ ነው የሚተኛው። ያረጀ አምፕ ሲከፈት የዚህ ካፓሲተር አንድ ጎን ብቻ ጠቁሮ፣ የጎማ ክዳኑ ተሰንጥቆ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሬዚስተሩ 5 ዋት ይሁን፣ ከቦርዱ አምስት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይበየድ፣ ካፓሲተሩ በጣት ስፋት ይራቅ። ሲደርቅ ምልክቱ አይደብቅም፦ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፣ ጉልበቱም ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ግን ቲዩቡን ይቀይራል።

በ12ኤኤክስ7 የመጀመሪያ ግማሽ ላይ 5ኤፍ1 የካቶድ ካፓሲተር የለውም። መጨመር የተለመደ ማሻሻያ ነው። ያለ ካፓሲተር ደረጃው 32 ጊዜ ገደማ ያጎላል፤ ከካፓሲተር ጋር 61 ጊዜ ገደማ። ምን ያህል ማይክሮፋራድ የሚለው የት ድረስ ባሱ ይጎላ የሚለውን ይወስናል፦ 22 ሁሉንም፣ 2.2 ከ90 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ፣ 0.68 ከ300 ጀምሮ። በ8 ኢንች ስፒከር 22 ማይክሮፋራድ ስፒከሩ መግለጽ የማይችለውን ባስ አጉልቶ ጭቃ ያደርገዋል። 0.68 ለነጠላ ኮይል ፒካፕ (የጊታሩ ድምፅ ለቃሚ) ይሾላል። እዚህ የገባው 2.2 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት ነው። ከፈለጉ ደግሞ እንደ ስኬማቲኩ ባዶውን ይተዉት፤ ንጹሕ ድምፅ ለሚወድ እሱም ጥሩ ነው።

በሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን በፍጹም። ከስፒከሩ በ22 ኪሎ ኦም የሚመለሰው ፊድባክ የሚገባው በዚያ ካቶድ ላይ ነው። እዚያ 25 ማይክሮፋራድ ያስገባ ሰው ፊድባኩን በግራውንድ ዘጋው፤ አምፑ ይጮኻል፣ ሃሙም ይጨምራል፣ ሰውየውም ማጣሪያ ፍለጋ ይሄዳል።

ኩፕሊንግ

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው በሁለቱ 0.02ዎች ላይ ነው፤ በዛሬው ቁጥር 0.022። ሥራቸው የፕሌቱን ዲሲ አግዶ ምልክቱን ማሳለፍ ነው። 0.022 ማይክሮፋራድ በ1000 ኸርዝ ላይ 7 ኪሎ ኦም ያህል መቋቋም አለው፤ ከፊቱ ያለው የቮሉም ፖት 1 ሜጋ ኦም ነው። ምልክቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ፖቱ ላይ እንጂ ካፓሲተሩ ላይ አያርፍም። ዋጋው ሃያ እጥፍ የሆነ በዘይት የተነከረ ወረቀት እዚህ የሚጨምረውን ዓይነ ስውር ሙከራ ቢደረግ የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። ፖሊኤስተርም ፖሊፕሮፒሊንም (ሁለቱም የፕላስቲክ ፊልም ናቸው) ይሠራል፤ ማሎሪ 150ም ሆነ ኦሬንጅ ድሮፕ ጥሩ ናቸው፣ ኦሬንጅ ድሮፕ እግሩ ደንደን ስለሚል ቦርዱ ላይ ሲታጠፍ ሥሩ እንዳይሰነጠቅ በጉጠት ይያዝ።

የማይሆነው ተራ ሴራሚክ ነው። ኤክስ7አር የተባለው ዓይነት ዲሲ ሲጫንበት ካፓሲታንሱ ይወርዳል፣ ከተጻፈበት ቮልቴጅ ሲጠጋ ግማሹን ሊያጣ ይችላል፤ ሲመታም ራሱ ማይክሮፎን ይሆናል።

ቮልቴጁ 630። ፕሌቱ ሲሠራ 150 አካባቢ ስለሆነ 250 ወይም 400 ይበቃል የሚለው እንደ ማጣሪያው ያለ ስህተት ነው፦ 12ኤኤክስ7ው ሳይሞቅ ፕሌቱ ላይ ሙሉው 480 አለ።

ባሱን ለመቀነስ የመጀመሪያውን ከ0.022 ወደ 0.01 መቀየር የሚመክሩ አሉ። ሒሳቡ አያግዛቸውም፦ ገደቡ ከ7 ወደ 15 ኸርዝ ገደማ ይሄዳል፣ 82 ኸርዝ ላይ ለውጡ አይሰማም። 0.0047 ከኢው ላይ ግማሽ ዴሲቤል ትንሽ አለፍ ያለ ይቀንሳል፤ በጆሮ የሚታወቀው 0.0022 ሲሆን ነው፣ ከሁለት ዴሲቤል በላይ። ሐምበከር (ባለ ሁለት ኮይል) ፒካፕ ላለው 0.0022 ይሞከር። ወደ ላይ መሄድ ግን ጉዳት አለው። ከ6ቪ6 ፊት ያለው 0.022 ከ220 ኪሎ ኦሙ ጋር 5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያገግማል፤ 0.1 ቢሆን 22። ቮሉሙ ተከፍቶ ጠንከር ሲመታ ግሪዱ ያንን ካፓሲተር ይሞላውና ባዶ እስኪሆን ቲዩቡ ይታፈናል፤ ድምፁ ይንተባተባል።

ሊክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከ6ቪ6 ፊት ያለው ካፓሲተር 10 ማይክሮአምፒር ቢያሳልፍ በ220 ኪሎ ኦሙ ላይ 2.2 ቮልት ይቀመጣል፤ ባያሱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ 6ቪ6 ይግላል። ተራ የኦም ንባብ ይህን አይይዝም፤ ቴስተሩ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው። የሚይዘው ይህ ነው፦ የግሪድ በኩል ያለው እግር ይነሳ፣ አምፑ ይሞቅ፣ ባለ 10 ሜጋ ኦም ዲጂታል ቴስተር ከተነሳው እግር ወደ ግራውንድ በዲሲ ይታሰር፤ እግሩ ሲነሳ 220 ኪሎ ኦሙ ግሪዱ ላይ መቅረቱ ይረጋገጥ። 1 ቮልት ማለት 0.1 ማይክሮአምፒር ነው። አዲስ ፊልም ጥቂት አሥሮች ሚሊቮልት ላይ ይረጋል። 1 ቮልት ያሳየ ለጊዜው ይሠራል፣ እያደር ግን ይብስበታል፤ ይቀየር። በመጀመሪያው ካፓሲተር ላይ ሊክ ካለ ቮሉሙ ሲዞር ፖቱ ይንኮሻኮሻል፤ ሰው ፖቱን ያጥባል።

የፊልም ካፓሲተር ውጫዊ ፎይል ወደ ፕሌቱ ቢሆን ይመረጣል፣ የሚለቀመው ሃም ያንሳል። በላዩ ላይ ያለው መስመር ሁልጊዜ ያንን አያመለክትም፤ ኦሲሎስኮፕ ላይ አስሮ አካሉን በጣት ጨብጦ፣ እግሮቹን አገላብጦ አነስ ያለ ሃም የሚያሳየውን መያዝ ነው። በዚያ ጊዜ ወደ ኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ያለው እግር የውጫዊው ፎይል ነው።

ከመብራት ወደ ሻሲ

ባለ ሁለት እግር መሰኪያ በነበረበት ዘመን በብዙ አምፖች ውስጥ ከመብራቱ አንድ ሽቦ ወደ ሻሲው 0.05 ማይክሮፋራድ 600 ቮልት ካፓሲተር ይታሰር ነበር። የሰዉ ስም «የሞት ካፓሲተር» ነው። የድሮ ሥዕል ሲገለበጥ አብሮ ሊመጣ ይችላል። በ117 ቮልት 60 ኸርዝ 2.2 ሚሊአምፒር የሚያሳልፈው በ220 ቮልት 50 ኸርዝ 3.5 ያሳልፋል፤ አጭር ዙር ከገባ ደግሞ ሙሉው 220 በሻሲው አልፎ የጊታሩ ክር ላይ ነው። አይገባም። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ፣ ኧርዙ ለብቻው በተፋቀ ሻሲ ላይ በቦሎን፣ ፊውዙ 500 ሚሊአምፒር ዘገምተኛ። የሬዲዮ ጩኸት ከገባ በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል ኤክስ2 የተጻፈበት 0.1 ማይክሮፋራድ ይበቃል። ኤክስ2ን ከሻሲ ጋር ማሰር ክልክል ነው፤ ለዚያ የተሠራው ዋይ2 ነው።

ማብራት

መጀመሪያ ከ60 ዋት ባለ ክር አምፖል ጋር በተከታታይ፣ ያለ ምንም ቲዩብ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ መደብዘዝ አለበት። ከዚያ 5ዋይ3 ብቻ፦ ሦስቱም ማጣሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ይነበባል፣ በዚህ ጉዳይ 480 አካባቢ። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ያኛው ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው ወይም ተገልብጦ ተበይዷል። አጥፍቶ፣ አፍስሶ፣ ስፒከሩን አስሮ ቀሪዎቹን ቲዩቦች መሰካት፤ ቮሉሙ ዜሮ።

ያለ አምፖሉ ሲበራ የ6ቪ6 ካቶድ 19 አካባቢ ይፈለጋል። 17ም 21ም ያስኬዳል። 24 ከደረሰ፣ ኩረንቱ 51 ሚሊአምፒር ነው፣ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሄዷል፤ መጀመሪያ ግሪዱ ላይ ዲሲ መኖሩ ይታይ። ዜሮ ከሆነ ኩፕሊንጉ ነጻ ነው፣ የ470ው ቦታ 560 ወይም 680 ኦም ይግባ። ፖዘቲቭ ነገር ካለ ግን ሬዚስተር መቀየር በሽታውን መሸፈን ነው፤ 0.022ውን ማንሳት ነው። አምፑ እንደበራ ለአንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ካቶዱም ግሪዱም እንደገና ይለካ፤ ሊክ ያለው ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ማፍሰስ የሚጀምረው ሲሞቅ ነው።